«ዊኬት ጠባቂ» ምን ይጠብቃል? የአንድ እንግሊዛዊ ክሪኬት ተጫዋች የሙያ ታሪክና የስያሜዎቹ አተረጓጎም

1. የጉዳዩ መነሻ

የሙያ ቃላት አቻ ፍለጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በሳይንስ፣ በሕግና በአስተዳደር መስክ ነው። የስፖርት ቃላት ግን ጋዜጠኛውና ተመልካቹ ራሳቸው ያበጇቸው በመሆናቸው የመዝገበ ቃላት አዘጋጁን ትኩረት እምብዛም አይስቡም። እግር ኳስን በሚመለከት ይህ ብዙ ጉዳት አላስከተለም፤ «ግብ ጠባቂ»፣ «ተከላካይ»፣ «አጥቂ»፣ «የማእዘን ምት» የሚሉት ስያሜዎች ጨዋታውን እያየ ባደገ ሕዝብ አንደበት ተፈትነው የጸኑ ናቸው። ችግሩ የሚነሣው ተርጓሚው፣ አንባቢው በዐይኑ አይቶት ከማያውቀው ጨዋታ ጋር በጽሑፍ ብቻ ሲገናኝ ነው።

ክሪኬት ለዚህ ዐይነተኛ ምሳሌ ይሆናል። በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ፣ በጋዜጣና በሕይወት ታሪክ ውስጥ በየጊዜው ብቅ ይላል፤ የአማርኛ ተርጓሚም ሊዘለው አይችልም። ለምሳሌ ያህል አንድ አጭር የሕይወት ታሪክ እንዲህ ይላል እንበል፦ ሰውየው በ«ማይነር ካውንቲዝ» ውድድር «ዊኬት ኪፐር» ሆኖ ጀመረ፤ ወደ «ፈርስት ክላስ» ካውንቲ ተዛወረ፤ አንድ «ቴስት» ተጫወተ። መዝገበ ቃላት ይዞ ቃል በቃል የሚጓዝ ተርጓሚ ይህንኑ «በአነስተኛ አውራጃዎች በረኛ ሆኖ ጀመረ፤ ወደ አንደኛ ክፍል አውራጃ ተዛወረ፤ አንድ ፈተናም ወሰደ» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። እያንዳንዱ ቃል ከመዝገበ ቃላት የተገኘ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን የሌላ ሰው ታሪክ ሆኗል።

በዚህ ጽሑፍ እነዚህንና ተዛማጅ ስያሜዎችን በአንድ እውነተኛ ተጫዋች የሙያ ታሪክ ላይ እየፈተንን እንመለከታለን። ተጫዋቹ በ1941 በእንግሊዝ አገር፣ በስታፎርድሺር ካውንቲ፣ በስቶክ-ኦን-ትሬንት ከተማ የተወለደው ሮበርት ዊሊያም ቴይለር፣ በተለምዶ አጠራሩ ቦብ ቴይለር ነው። የተመረጠበትም ምክንያት ከታችኛው የውድድር ዘርፍ እስከ ብሔራዊ ቡድን ድረስ በየደረጃው ያለፈ ስለሆነ የሙያውን ስያሜዎች ከሞላ ጎደል በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ ለማግኘት ስለሚያስችል ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

2. የጽንሰ ሐሳቡ ቦታ

ስያሜ ከመፈለግ በፊት የሚሰየመውን ነገር ማወቅ ይገባል። ክሪኬት እያንዳንዳቸው 11 ተጫዋቾች ባሏቸው ሁለት ቡድኖች መካከል የሚካሄድ ጨዋታ ነው። በሜዳው መካከል 20.12 ሜትር ርዝመት ያለው ጠባብ መደብ አለ። በመደቡ ጫፍና ጫፍ ሦስት ሦስት ችካሎች ይተከላሉ፤ በእያንዳንዱ ሦስት ችካል አናት ላይም ሁለት ትንንሽ ጋድሞች ይቀመጣሉ። ከፍታው 71.1፣ ስፋቱ 22.86 ሴንቲ ሜትር የሆነው ይህ የእንጨት ድርድር «ዊኬት» ይባላል። የአንደኛው ቡድን መቺ በዊኬቱ ፊት መምቻውን ይዞ ይቆማል፤ የሌላው ቡድን ወርዋሪ ከወዲያኛው ጫፍ ኳሱን ይልክበታል። ኳሱ መቺውን አልፎ ዊኬቱን ካፈረሰ መቺው ይወጣል።

እዚህ ላይ ተርጓሚው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ዐቢይ ነጥብ አለ። ዊኬት ኪፐር የሚባለው ተጫዋች የሚቆመው ከመቺው ዊኬት በስተጀርባ ነው፤ ወገኑ ግን የወርዋሪው ነው። የእግር ኳስ ግብ ጠባቂ ባላጋራ የራሱን ቡድን ግብ እንዳያስደፍር ይከላከላል። ዊኬት ኪፐር ግን ከኋላው የቆመለትን ዊኬት ከአደጋ አያድንም፤ እንዲያውም ዊኬቱ ቢፈርስ ደስታው የእሱ ነው፤ ዕድሉ ከገጠመውም ራሱ ያፈርሰዋል። ዊኬቱን የሚከላከለው መቺው ነው። በእንግሊዝኛውም አነጋገር ከመምታቱ በፊት መቆሚያውን በዳኛው አማካይነት አስተካክሎ «ጥበቃ የሚይዘው» መቺው እንጂ ኪፐሩ አይደለም።

ስለሆነም «በረኛ» የሚለው ቃል ከመነሻው ውድቅ ነው፤ ሥሩ «በር» እንደ መሆኑ መጠን አንባቢው የሚጠበቅና የሚዘጋ ነገር በአእምሮው እንዲሥል ያስገድደዋል። «ግብ ጠባቂ» ደግሞ ዊኬትን ከግብ ጋር ያመሳስላል። ሁለቱም ሰውየውን ከተቃራኒው ቡድን ያሰልፉታል።

3. «ጠበቀ» እና ሁለቱ ፍቺዎቹ

ታዲያ «ዊኬት ጠባቂ» የሚለውስ? ከላይ ከተባለው አንጻር ሲታይ ይህም የሚጣል ይመስላል። ነገር ግን «ጠበቀ» የተባለው የአማርኛ ግሥ ሁለት የታወቁ ፍቺዎች እንዳሉት እናስታውስ። አንደኛው አንድ ነገር እንዳይጠፋ፣ እንዳይሰረቅ ወይም እንዳይደፈር መከላከል ነው፤ «ቤት ጠበቀ»፣ «ከብት ጠበቀ» እንዲሉ። ለሌላው መብት የሚሟገተው «ጠበቃ»ም የዚሁ ፍቺ ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው አንድ ነገር እስኪመጣ ወይም እስኪሆን መቆየት ነው፤ «እንግዳ ጠበቀ»፣ «ቀጠሮ ጠበቀ» እንዲሉ። ሁለተኛው ፍቺ በግሡ ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም፤ በባለቤት ስሙም ይገኛል። «እርዳታ ጠባቂ» ስንል እርዳታ የሚመጣለት መሆኑን ተስፋ አድርጎ የሚቆይ ማለታችን ነው እንጂ የእርዳታ መጋዘን ዘበኛ ማለታችን አይደለም።

በሌላ በኩል «ዊኬት» የሚለው የውሰት ቃል በምንጩ ቋንቋ ከአንድ በላይ ፍቺ አለው። ችካሎቹንና ጋድሞቹን ያመለክታል፤ በመካከል ያለውን መደብ ያመለክታል፤ እንዲሁም የአንድን መቺ መውጣት ያመለክታል። «ቡድኑ አምስት ዊኬት ጣለ» ሲባል አምስት መቺዎችን አስወጣ ማለት ነው።

የሁለቱን ቃላት ተስማሚ ፍቺዎች ስናጋጥም፣ «ዊኬት ጠባቂ» ማለት የመቺውን መውጣት አድፍጦ የሚጠባበቅ ተጫዋች ይሆናል። ይህም ትክክለኛ መግለጫው ነው። በእርግጥ ይህ ንባብ የአማርኛው እንጂ የእንግሊዝኛው ቃል ሥርወ ታሪክ አይደለም፤ እንደዚያ ተደርጎም መቅረብ የለበትም። ሆኖም የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ተግባር የምንጩን ቃል መልክ መቅዳት ሳይሆን በተቀባዩ ቋንቋ የሚጸና ስያሜ ማቅረብ ስለሆነ፣ ስያሜው በፍቺው ላይ ግልጽ ማስታወሻ ተደርጎበት ሊያዝ ይችላል።

ሌላው ሊቀርብ የሚችለው አማራጭ «ቀላቢ» ነው። «ቀለበ» የተወረወረን ነገር መሬት ሳይነካ በአየር ላይ መያዝን የሚገልጽ የቆየ ቃላችን ስለሆነ ለክሪኬት የተፈጠረ ይመስላል። የቴይለር መዝገብም ይህን አሳብ የሚደግፍ ነው። በ639 የአንደኛ ደረጃ ግጥሚያዎች 1,649 መቺዎችን በማስወጣት ተካፍሏል፤ ከእነዚህ ውስጥ 1,473ቱ በመቅለብ፣ 176ቱ ደግሞ ከይዞታ ውጭ በመያዝ የተገኙ ናቸው። ይህ ድምር በአንደኛ ደረጃ ክሪኬት ታሪክ ማንም ዊኬት ጠባቂ ያልደረሰበት ነው። እንደሚታየው ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ቅለባ ነው። ይሁን እንጂ «ቀላቢ» ለሙያው ስያሜ ሊሆን አይችልም፤ በሜዳው ላይ ያሉት የቡድኑ አባላት ሁሉ ይቀልባሉና። በተጨማሪም «ቀለበ» መመገብ፣ ስንቅ መስጠት የሚል ሌላ ፍቺ ስላለው «የቡድኑ ቀላቢ» የሚለው ሐረግ የቡድኑን ወጪ ሸፋኝ ሊያስመስል ይችላል። ስለዚህ «ቀለበ» እና «ቅለባ» ለድርጊቱ ይዋሉ፤ ለሰውየው «ዊኬት ጠባቂ» ይሁን።

4. ተጠግቶ መቆምና ርቆ መቆም

ከይዞታ ውጭ መያዝ የተባለው ምን እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። ከዊኬቱ ፊት በመሥመር የተከለለው ቦታ የመቺው ይዞታ ነው። መቺው ኳሱን ለመምታት ከመሥመሩ አልፎ ሲወጣ ኳሱ ካመለጠው፣ ዊኬት ጠባቂው ኳሱን በእጁ ይዞ ዊኬቱን ያፈርሳል፤ መቺው ሳይመለስ ከተቀደመ ይወጣል። «ይዞታ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ በተለይ የተስማማ ነው፤ በቦታው ላይ እስካለ ድረስ መብቱ ይጠበቅለታል፣ ለቅቆ ሲወጣ ግን ያጣዋል የሚለውን አሳብ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይሸከማልና። ነገር ግን መቺው ነጥብ ለማግኘት ሲሮጥ ይዞታው ላይ ሳይደርስ ዊኬቱ የሚፈርስበት ሌላ አወጣጥ ስላለ፣ ሁለቱ እንዳይምታቱ ለመጀመሪያው «በጠባቂ ከይዞታ ውጭ መያዝ»፣ ለሁለተኛው «በሩጫ መቀደም» ብሎ መለየት ይበጃል።

ዊኬት ጠባቂ ሁለት አቋቋም አለው። ወርዋሪው ፈጣን ሲሆን ኳሱን ለመቅለብ ጊዜ እንዲያገኝ ብዙ ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ወርዋሪው ዝግተኛ ሲሆን ደግሞ ከዊኬቱ አጠገብ ተጠግቶ ይቆማል። ቴይለር በ1985 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ርእስ ከእነዚህ ሁለት የሙያ ሐረጎች የተሠራ ነው። ተርጓሚው ሐረጎቹን «መነሣት» እና «ወደ ኋላ ማለት» ብሎ ቢተረጉማቸው የመጽሐፉ ርእስ ስለ ትዕቢትና ስለ ትሕትና የሚናገር የሥነ ምግባር ድርሰት ይመስላል። «ተጠግቶ መቆም» እና «ርቆ መቆም» የሚሉት ግን ቀላልና ትክክለኛ ናቸው።

5. «ማይነር ካውንቲ»፦ ስያሜ ወይስ ፍርድ?

ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የቴይለር መነሻ የሆነው የውድድር ዘርፍ ስም ነው። ቴይለር ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በ1958 ለትውልድ ካውንቲው ለስታፎርድሺር መሰለፍ ጀመረ። ስታፎርድሺር «የአንደኛ ደረጃ» ከሚባሉት ካውንቲዎች አንዱ አልነበረም፤ የሚወዳደረው በ1895 በተመሠረተው በማይነር ካውንቲዎች ሻምፒዮና ውስጥ ነበር።

በመጀመሪያ «ካውንቲ» የሚለውን እንመልከት። ቃሉን «አውራጃ» ወይም «ክፍለ ሀገር» ብሎ መተርጎም በአስተዳደር ጽሑፍ ሊያስኬድ ይችል ይሆናል፤ በክሪኬት ግን ያሳስታል። የክሪኬት ካውንቲ ክለብ ነው፤ የአስተዳደር ወሰን ሲለወጥ አብሮ አይለወጥም። ሚድልሴክስ የአስተዳደር ካውንቲነቱ በ1965 ቀርቷል፤ በስሙ የሚጠራው የክሪኬት ክለብ ግን አሁንም ይጫወታል። ስለዚህ በክሪኬት ጽሑፍ «ካውንቲ» የሚለውን የውሰት ቃል እንዳለ መያዝ ይሻላል።

«ማይነር» ለሚለው ቅጽል ሦስት አቻዎች ወዲያው ወደ አእምሮ ይመጣሉ፤ ሦስቱም ግን እንከን አለባቸው። «አነስተኛ» የስፋት ወይም የሕዝብ ብዛት ልኬት ያስመስለዋል፤ ስያሜው ግን የመሬት ስፋትን አይመለከትም። «ንዑስ» ከግእዝ የተገኘ ክቡር ቃል ቢሆንም፣ በ«ንዑስ ርእስ»ና በ«ንዑስ ኮሚቴ» እንደምናየው በዛሬው አማርኛ በሌላ ነገር ሥር ያለን ክፍል ያመለክታል። «ንዑስ ካውንቲ» ሲባልም በሌላ ካውንቲ ውስጥ ያለ ወረዳ መስሎ ይታያል። «ሁለተኛ ደረጃ» ደግሞ በውጤት ወደ ላይ የሚወጣበትና ወደ ታች የሚወረድበት መሰላል ያለ ያስመስላል፤ እንዲህ ያለ መሰላል አልነበረም። ከዚህም በላይ የአንደኛ ደረጃ ካውንቲዎች የራሳቸው ሁለተኛ ቡድኖች ያሏቸው ስለሆነ፣ ስያሜው ከእነዚህ ጋር ይምታታል።

እንከኑ የቋንቋ ብቻ አይደለም። «አነስተኛ» የምትለው ቃል በአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ስትገባ በሰውየው ላይ ፍርድ ትሰጣለች። ሲድኒ ባርንስ የተባለው ወርዋሪ የሙያ ዘመኑን ትልቁን ክፍል ያሳለፈው ለዚሁ ለስታፎርድሺር በመጫወት ነው፤ ሆኖም በ27 ቴስቶች ብቻ 189 ዊኬቶች በመጣል ከዘመናት ታላላቅ ወርዋሪዎች አንዱ ተብሎ ይቈጠራል። ደራም የማይነር ካውንቲዎች አባል ሳለ በ1973 የአንደኛ ደረጃውን ዮርክሺርን በጥሎ ማለፍ ውድድር አሸንፏል፤ በ1992 ደግሞ ራሱ ከአንደኛ ደረጃ ካውንቲዎች ተቀላቅሎ ቊጥራቸውን ከ17 ወደ 18 አድርሶታል። በእነዚህ ካውንቲዎች ለዓመታት የተጫወቱት አብዛኞቹ ዊኬት ጠባቂዎች የሳምንቱን ቀናት በሌላ ሥራ የሚያሳልፉ ሰዎች ነበሩ። የእነርሱን ታሪክ የሚተረጉም ሰው፣ ስያሜው የውድድሩን ሥርዐት እንጂ የሰዎቹን ችሎታ እንዳይመዝን መጠንቀቅ ይገባዋል።

ባለቤቶቹ ራሳቸውም ይህን የስሙን ሸክም ሳያስቡበት አልቀሩም፤ የካውንቲዎቹ ማኅበር ከ2020 ጀምሮ «ብሔራዊ ካውንቲዎች» በሚል ስም መጠራት ጀምሯል። አዲሱም ስም ለአማርኛ ተርጓሚ የራሱን ወጥመድ ይዞ መጥቷል፤ «ብሔራዊ» ሲባል አንባቢው ወዲያው ስለ ብሔራዊ ቡድን ያስባልና።

መፍትሔው ቅጽሉን ከመተርጎም ይልቅ ሐረጉን እንደ ተጸውኦ ስም መያዝ ይመስለናል፦ «የማይነር ካውንቲዎች ሻምፒዮና»። በመጀመሪያ ሲጠቀስ «ከአንደኛ ደረጃ ካውንቲዎች ውጭ ያሉት የሚወዳደሩበት» የሚል አጭር መግለጫ ይታከልበት። ከ2020 በፊት ስለ ነበረው ዘመን ሲጻፍ የዘመኑ ስም፣ ከዚያ ወዲህ ስላለው ሲጻፍ አዲሱ ስም ይግባ፤ የቴይለርን የ1958 ታሪክ በአዲሱ ስም መጻፍ የታሪክ ግድፈት ነው።

6. «አንደኛ ደረጃ» እና «ቴስት»

«አንደኛ ደረጃ» በክሪኬት የጥራት ምስክርነት ሳይሆን በሕግ የተወሰነ የግጥሚያ ዐይነት ነው። በ1947 በወጣው ድንጋጌ መሠረት አንድ ግጥሚያ በዚህ ስም የሚጠራው ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ቀናት የሚወስድ፣ 11 ተጫዋቾች ባሏቸው ሁለት ቡድኖች መካከል የሚደረግና የቡድኖቹ ደረጃ በሚመለከተው አካል የታወቀ ሲሆን ነው። ቴይለር በወጣትነቱ የተሳተፈበት የማይነር ካውንቲዎች ሻምፒዮና ግጥሚያ የሁለት ቀን ነበር።

በዚህ ረገድ የቴይለር ታሪክ ተርጓሚውን የሚያደናግር አንድ ነገር ይዟል። የመጀመሪያው የአንደኛ ደረጃ ግጥሚያው በ1960 የተደረገ ሲሆን፣ የተሰለፈውም እንግሊዝን ይጐበኝ ከነበረው የደቡብ አፍሪካ ቡድን ጋር ለተጋጠመው «ማይነር ካውንቲዝ» ለተባለ ቡድን ነው። የአንደኛ ደረጃ ያልሆኑ ካውንቲዎች ቡድን እንዴት የአንደኛ ደረጃ ግጥሚያ ሊያደርግ ይችላል? መልሱ ስሙ ሦስት ነገሮችን የሚያመለክት መሆኑ ነው፦ የካውንቲዎቹን ጎራ፣ የሚወዳደሩበትን ሻምፒዮና፣ እንዲሁም ከመካከላቸው ተመርጦ ከጐብኝ ቡድኖች ጋር የሚጋጠመውን አንድ የጋራ ቡድን። ተርጓሚው «ለማይነር ካውንቲዎች ተጫወተ» በማለት ፈንታ እንደ አገባቡ «በማይነር ካውንቲዎች ሻምፒዮና» ወይም «ለማይነር ካውንቲዎች ምርጥ ቡድን» ብሎ መለየት አለበት። «ምርጥ ቡድን» የሚለው ሐረግ በስፖርት አማርኛችን የታወቀ ስለሆነ ችግሩን ይፈታል።

በ1961 ቴይለር ጎረቤት ወደሆነው ወደ አንደኛ ደረጃው ደርቢሺር ተዛወረ፤ የነባሩን ዊኬት ጠባቂ የጆርጅ ዶክስን ቦታም ያዘ። እስከ 1984 ድረስ በዚያው ቆይቷል።

«ቴስት»ን በሚመለከት በ«ፈተና» መተርጎም ተገቢ አይደለም። ቴስት በብሔራዊ ቡድኖች መካከል የሚደረግ የብዙ ቀናት ግጥሚያ ስም ነው፤ የመነሻው ቃል መፈተንን ቢያመለክትም ቃሉ ዛሬ እንደ ተጸውኦ ስም ያገለግላል። ስለዚህ «ቴስት» ወይም «የቴስት ግጥሚያ» ይባል።

7. ተጠባባቂ፣ ምትክ፣ ጊዜያዊ

የቴይለር ታሪክ እምብርት ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1970 እና 1971 እንግሊዝ አውስትራሊያን በጐበኘችበት ጊዜ የኬንቱ አለን ኖት ተጠባባቂ ሆኖ አብሮ ተጓዘ። የጉዞው ማብቂያ በኒው ዚላንድ ነበርና በ1971 በክራይስትቸርች የመጀመሪያውን ቴስት ተጫወተ። ሁለተኛውን ያገኘው በታኅሣሥ 1977 በላሆር፣ ከፓኪስታን ጋር ነው። በመካከሉ ወደ ሰባት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አልፏል። የዘገየበት ምክንያት የችሎታ ማነስ አልነበረም፤ ኖት ድንቅ ዊኬት ጠባቂ ከመሆኑም በላይ በመምታት ከእሱ ይበልጥ ነበር። በሩ የተከፈተው ኖት በ1977 ኬሪ ፓከር ወዳቋቋመው የአውስትራሊያ የግል ውድድር በመሄዱ ነው። ቴይለር በዚያን ጊዜ 36 ዓመቱ ነበር። ከተጫወታቸው 57 ቴስቶች 56ቱ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው።

አማርኛ ለዚህ ሁኔታ ከዚያው ከ«ጠበቀ» ሥር የወጣ «ተጠባባቂ» የሚል ቃል አለው። ነገር ግን ቃሉ ሁለት ገጽ አለው። በስፖርት «ተጠባባቂ ተጫዋች» ማለት ቦታውን ያልያዘ፣ ተራውን የሚጠብቅ ማለት ነው። በአስተዳደር «ተጠባባቂ ኃላፊ» ማለት ግን ቦታውን ለጊዜው የያዘ ማለት ነው። አንዱ ቦታው የለውም፤ ሌላው አለው። «ተጠባባቂ ዊኬት ጠባቂ» የሚለውን ሐረግ ያነበበ ሰው የትኛውን ይረዳ?

ልዩነቱን አጥርቶ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ግጥሚያ አለ። በ1986 በሎርድስ ሜዳ፣ እንግሊዝ ከኒው ዚላንድ ጋር ስትጋጠም፣ የእንግሊዙ ዊኬት ጠባቂ ብሩስ ፍሬንች በመምታት ላይ ሳለ በሪቻርድ ሃድሊ ኳስ ራሱን ተመታ። ኒው ዚላንዶች መምታት ሲጀምሩ በመጀመሪያ የቡድኑ አባል የሆነው ቢል ኤቲ ከዊኬቱ ኋላ ቆመ። ቀጥሎ በ1984 ከቴስት የተሰናበተውና በዕለቱ በስፖንሰሩ ድንኳን እንግዶች ይቀበል የነበረው ቴይለር፣ በ45 ዓመቱ፣ በኒው ዚላንዱ አምበል በጄረሚ ኮኒ ፈቃድ ወደ ሜዳ ገባ። ከእሱ በኋላ የሃምፕሺሩ ቦቢ ፓርክስ ተተካ፤ በመጨረሻም ፍሬንች ራሱ ተመለሰ። በአንድ ተራ አራት ሰዎች ዊኬት ጠባቂ ሆኑ፤ የአራቱም ሁኔታ ግን አንድ ዐይነት አይደለም። ፍሬንች ዋናው ነው። ኤቲ በሌላ ሙያ የተሰለፈ የቡድን አባል ሆኖ ለጊዜው የሸፈነ ነው፤ «ጊዜያዊ ዊኬት ጠባቂ» ሊባል ይገባዋል። ቴይለርና ፓርክስ ከአሥራ አንዱ ውጭ የገቡ ናቸው፤ «ምትክ» የሚለው ይስማማቸዋል። «ተጠባባቂ» ግን ከአራቱ ለአንዱም አይሆንም፤ ያ ቃል ከ1971 እስከ 1977 ለነበረው ቴይለር የተገባ ነው።

የአምበሉ ፈቃድ ያስፈለገው በዘመኑ ሕግ ምትክ ሆኖ የገባ ተጫዋች ያለ ተቃራኒው ወገን ስምምነት ዊኬት ጠባቂ ሊሆን ስላልቻለ ነው። በ2017 የተሻሻለው ሕግ ፈቃዱን ለዳኞች ሰጥቷል።

8. «አቤቱታ» እንጂ «ይግባኝ» አይደለም

በመጨረሻ አንድ የሕግ ቃል እንጨምር። በክሪኬት የወርዋሪው ቡድን ጥያቄ ካላቀረበ ዳኛው መቺውን ወጥተሃል ሊለው አይችልም። ለዚህ ጥያቄ እንግሊዝኛው የሚጠቀምበት ቃል በፍርድ ቤት ቋንቋ ይግባኝንም ስለሚያመለክት፣ ተርጓሚዎች «ይግባኝ» ለማለት ይቃጣቸዋል። ይግባኝ ግን አስቀድሞ የተሰጠ ፍርድ እንዲኖር ይጠይቃል፤ በክሪኬት የሚቀርበው ጥያቄ ከፍርድ በፊት የሚቀርብ ነው። ትክክለኛው አቻ «አቤቱታ» ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የየካቲት 1980ው የቦምቤይ ቴስት ያሳያል። በዚህ ግጥሚያ ቴይለር በሁለቱ የሕንድ ተራዎች 10 ኳሶች በመቅለብ የወቅቱን የቴስት ክብረ ወሰን አስመዘገበ። እንግሊዝ በምትመታበት ጊዜ ግን ቴይለር ኳሱን ነክቶ በሕንዱ ዊኬት ጠባቂ ተቀልቧል ተብሎ ዳኛው አስወጣው። የሕንዱ አምበል ጉንዳፓ ቪሽዋናት ኳሱ የቴይለርን መምቻ እንዳልነካ ስላመነ አቤቱታውን ትቶ ቴይለር እንዲመለስ አደረገ። ቴይለርና ኢያን ቦተም በስድስተኛው ዊኬት 171 ነጥብ አስቈጠሩ፤ እንግሊዝም አሸነፈች። ቪሽዋናት ያደረገው በዳኛው ላይ ይግባኝ ማለት አይደለም፤ ራሱ ያቀረበውን አቤቱታ መተው ነው። «ይግባኝ» ብለን ብንተረጉመው በእጁ የገባውን ጥቅም አሳልፎ የሰጠው ሰው፣ ጥቅም ፈልጎ የተከራከረ ይሆናል። ከዚህም ጋር «አቤቱታውን አነሣ» የሚለው አነጋገር ማቅረብንም መሰረዝንም ሊያሰማ ስለሚችል «አቤቱታውን ተወ» መባሉ ይመረጣል።

9. የቀረቡ ስያሜዎች

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተሉት ለውይይት ቀርበዋል።

ዊኬት፦ ሦስት ችካሎችና ሁለት ጋድሞች፤ እንዲሁም የአንድ መቺ መውጣት።
ዊኬት ጠባቂ፦ ከመቺው ዊኬት በስተጀርባ ቆሞ የመቺውን መውጣት የሚጠባበቅ የወርዋሪው ወገን ተጫዋች። «የሚከላከል» በሚል ፍቺ እንዳይወሰድ ማስታወሻ ይታከልበት።
መቺ፦ ቃሉ ለወንድም ለሴትም ስለሚያገለግል፣ የእንግሊዝኛው ሕግ በ2021 ጾታ ወደማይለይ ስያሜ ሲሸጋገር አማርኛው ማሻሻያ አላስፈለገውም።
ቅለባ፣ በጠባቂ ከይዞታ ውጭ መያዝ፣ በሩጫ መቀደም፦ ሦስት የመቺ አወጣጦች።
ተጠግቶ መቆም፣ ርቆ መቆም፦ የዊኬት ጠባቂ ሁለት አቋቋሞች።
ተራ፦ አንድ ቡድን ወይም አንድ መቺ የሚመታበት ጊዜ።
የማይነር ካውንቲዎች ሻምፒዮና፣ የማይነር ካውንቲዎች ምርጥ ቡድን፦ እንደ ተጸውኦ ስም የሚያዙ።
ተጠባባቂ፣ ጊዜያዊ፣ ምትክ፦ በ7ኛው ክፍል እንደተለዩት።
አቤቱታ፦ ዳኛው እንዲፈርድ የሚቀርብ ጥያቄ።

ከእነዚህ መካከል አዲስ የተፈጠረ ቃል የለም ማለት ይቻላል። «ችካል»፣ «ይዞታ»፣ «ቅለባ»፣ «ተራ»፣ «አቤቱታ» ከቀድሞ ጀምሮ የነበሩ ናቸው፤ የተደረገው ለእያንዳንዱ ተስማሚ ቦታውን መስጠት ብቻ ነው። ተርጓሚው አቻ ከመምረጡ በፊት ሰውየው በሜዳው ላይ የት እንደሚቆም፣ ለማን ወገን እንደሚጫወትና ምን እንደሚጠብቅ ቢያጣራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቃሉን በእጁ ያገኘዋል። ይህን ሳያደርግ የመረጠው ቃል ግን ምንም ያህል ቢያምር የሰውን ሥራ ወደ ተቃራኒው ይለውጣል፤ አንባቢውም ስሕተቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።